ሞተሩን ከማብራትሽ በፊት

የጊምባሉን ገንዘብ ገና አትክፈዪ። ስልኩን አስቀምጪና ካሜራሽን አምጪው። ባዶውን አይደለም። ቀረጻ ቦታ ላይ እንደምትይዢው አድርገሽ ግጠሚው፤ ሌንሱ፣ ፊልተሩ፣ ማት ቦክሱ፣ የፎከስ ሞተሩ፣ ምስሉን ወደ ዳይሬክተሩ ሞኒተር የሚልከው ማስተላለፊያ፣ ባትሪው፣ ኬብሉ ሳይቀር። ከዚያ ሚዛን ላይ አስቀምጪውና ቁጥሩን ጻፊው። ካሜራን በሞተር የሚያረጋጋውን ዕቃ፣ ጊምባልን፣ መምረጥ የሚጀመረው ከዚህ ቁጥር ነው፤ ሻጩ ከሚያሳይሽ ቪዲዮ አይደለም።

ያንቺው ሶኒ ኤፍኤክስ 3 ከባትሪውና ከካርዱ ጋር 715 ግራም ነው። የመጀመሪያው 24–70 ጂ ማስተር ሌንስ 886 ግራም። ሁለቱ ተደምረው 1 ኪሎ ከ600 ይሆናሉ። 3 ኪሎ የሚሸከም ጊምባል ስታይ ግማሹ የተረፈ ይመስልሻል። ፊልም ላይ ግን ካሜራ እንዲህ ራቁቱን አይወጣም። ፊልተሩን ከነመያዣው፣ የፎከስ ሞተሩን፣ ማስተላለፊያውን፣ የማስተላለፊያውን ባትሪ እያልሽ ስትጨምሪ ያ ትርፍ ከመጀመሪያው ሾት በፊት ያልቃል። ጊምባሉ ላይ የተጻፈው ክብደት ጣሪያው ነው። ጣሪያው ድረስ የተጫነ ሞተር ንፋስ ሲመጣ ወይም ፈጠን ብለሽ ስትዞሪ የሚገፋበት አቅም አይተርፈውም። እኔ ከተጻፈው ሦስት አራተኛ በላይ አልጭንም፤ አንቺም ይህን ያዢ።

ክብደት ብቻውን ደግሞ አይበቃም። ሁለት ካሜራዎች እኩል 2 ኪሎ ተኩል ሊመዝኑ ይችላሉ፤ አንዱ አጭርና ድንቡሽ፣ ሌላው ረጅም ሌንስ ወደ ፊት የዘረጋ። ረጅሙን ሚዛን ለማስያዝ ካሜራውን ወደ ኋላ ትገፊያለሽ፤ ሚዛኑን ከማግኘትሽ በፊት የካሜራው ጀርባ ከኋላው ሞተር ጋር ይጋጫል። እንዲህ ከሆነ ክብደቱ ቢፈቅድም ጊምባሉ ላንቺ አልተሠራም። ስለዚህ ሱቅ ስትሄጂ የምትሠሪበትን ሌንስ ሁሉ ይዘሽ ሂጂ፤ በተለይ ረጅሙን።

በገበያው ያሉትን በሦስት ከፍለሽ እያቸው። የዲጄአይ አርኤስ 3 እና አርኤስ 4 ዓይነቶቹ 3 ኪሎ ይሸከማሉ፤ ፕሮ የሚባሉት 4 ኪሎ ተኩል፤ ሮኒን 2 ወደ 13 ኪሎ ተኩል። ለክሊፕ፣ ለዶክመንተሪ፣ በትንሽ ካሜራ ለሚሠራ ድራማ ፕሮዎቹ ይበቁሻል። አንድ ፕሮዳክሽን አሪ አሌክሳ ሚኒ ኤልኤፍ ይዞ ከጠራሽ ግን የካሜራው አካል ብቻውን 2 ኪሎ ከ600 ነው፤ የሲኒማ ሌንስና የተቀረው ዕቃ ሲጨመርበት የነዚህን ጣሪያ አልፎ ይሄዳል። ለዚያ ዓይነቱ ሥራ ትልቁን ጊምባል ወይም በጃኬት የሚታጠቀውን ስቴዲካም ተከራዪ። በዓመት ሁለቴ ለሚመጣ ሥራ ዕቃ አይገዛም።

ሌላም ነገር አለ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ጓደኞችሽ የያዙትን ሞዴል ምረጪ። ሌላኛው ብራንድ በወረቀት ላይ ትንሽ ቢበልጥም ይቅርብሽ። ቀረጻ መሐል ፕሌት ሲጠፋ፣ የባትሪው እጀታ አልሞላ ሲል፣ የፎከስ ሞተር መያዣው ሲሰበር፣ ሰፈር ውስጥ ደውለሽ በውሰት የምታመጪው ዕቃ ያድንሻል። መለዋወጫው ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ እስኪደርስ ሥራው አይጠብቅሽም።

አሁን ወደ ዋናው ምርጫ ልምጣ፤ ጊምባል ወይስ ስቴዲካም። ብዙ ልጆች ስቴዲካም የድሮ፣ ጊምባል የአሁን አድርገው ያዩታል። እንደዚያ አይደለም። ሁለቱ የሚከላከሉት መናወጥ ይለያያል።

በእጅ የሚያዘው ባለ ሦስት ሞተር ጊምባል የሚያርመው መዞርን ነው። ካሜራው ወደ ላይ ወደ ታች ሲያዘነብል፣ ወደ ጎን ሲጋደል፣ ግራና ቀኝ ሲዞር ሞተሮቹ ይመልሱታል። መላው ካሜራ ከርምጃሽ ጋር ከፍ ዝቅ ሲል ግን ምንም አያደርጉም። ስለዚህ ጊምባል ይዛ የምትራመድ ልጅ ምስሏ ውስጥ አድማሱ ቀጥ ብሎ እያለ ሰውየው ከፍ ዝቅ ይላል። ከሩቅ ያለ ነገር ስትቀርጪ አይታወቅም፤ ፊት አጠገብ ስትሆኚ፣ ወይም ከፊትሽ በርና ምሰሶ ሲያልፍ ይጋለጣል። ይህን ለመቀነስ ያለሽ ጉልበትሽ ብቻ ነው፤ ጉልበት ታጥፎ፣ ተረከዝ ቀድሞ እየረገጠ፣ ክንድ ወደ ደረት ተጠግቶ። እንዲያ እየሄድሽ 6 ኪሎ የሚሆን ካሜራና ጊምባል በእጅሽ መያዝሽን አትርሺ።

ስቴዲካሙ ከፍ ዝቁን በክንዱ ሞላ ይውጠዋል። ጋሬት ብራውን የሚባለው የፊላደልፊያ ሰው በ1970ዎቹ አጋማሽ ሲፈጥረው ሞተር የሚባል ነገር አልነበረበትም። ያደረገው ሦስት ነገር ነው፤ ክብደቱን ከእጅ አውርዶ በጃኬት ለወገብ ሰጠ፤ የሰውነትን ንዝረት በሞላ ክንድ ከካሜራው ለየ፤ ካሜራውን ከላይ፣ ሞኒተሩንና ባትሪውን ከታች አራርቆ በመስቀል መላው ዕቃ በቀላሉ እንዳይናወጥ አደረገ። ‹ባውንድ ፎር ግሎሪ›፣ ‹ማራቶን ማን› እና ‹ሮኪ› በ1976 እ.ኤ.አ. ይህን ይዘው ለሕዝብ ቀረቡ። በእጅ የሚያዙት ባለ ሞተር ጊምባሎች ፊልም ሠሪው እጅ የገቡት በ2013 እ.ኤ.አ. የፍሪፍላይ ሞቪ ከታየ ወዲህ ነው፤ የዲጄአይ ሮኒን በዓመቱ ተከተለ። ጊምባሉ ከመጣ በኋላም ትልልቆቹ ፊልሞች ስቴዲካሙን አልጣሉትም። እንዲያውም አሪ ሁለቱን አዋሕዶ ትሪኒቲ የሚለውን ሠራ፤ ‹1917› ሲቀረጽ ሥራ ላይ ውሏል።

እኔ እንዲህ እመርጣለሁ። ጠባብ ቦታ፣ መኪና ውስጥ፣ ካሜራውን በመስኮት አሾልኮ መቀባበል፣ ከመሬት ተነስቶ ከራስ በላይ መውጣት፣ ፈጣን ሥራ ሲሆን ጊምባል። ሁለት ሰዎች እያወሩ ረጅም መንገድ ሲሄዱ፣ ካሜራው ከተዋናይዋ ጋር መተንፈስ ሲኖርበት፣ ሌንሱ ሲከብድ ስቴዲካም። ጊምባል የሞተሩን ፍጥነት ጠብቆ ይዞራል፤ ተዋናይዋ በድንገት ብትቆም እሱ ትንሽ ዘግይቶ ነው የሚቆመው። ስቴዲካም ላይ ጣቶችሽ ናቸው የሚወስኑት፤ ዓይኗን አይተሽ ከእሷ እኩል ትቆሚያለሽ። ለትወና የሚጨነቅ ዳይሬክተር ይህን ልዩነት ያየዋል።

ስቴዲካም ከመረጥሽ ደግሞ ከዕቃው በፊት ስለ ሰውነትሽ እንነጋገር፤ ይህን ማንም አይነግርሽም። ጃኬቱ ሲታጠቅ ክብደቱ ማረፍ ያለበት በዳሌሽ አጥንት ላይ ነው። ትከሻሽ ላይ ከተሰማሽ ወይም ደረትሽን ከተጫነሽ ጃኬቱ አልተስተካከለም፤ ‹‹ትለምጂዋለሽ›› ቢሉሽ አትስሚ። ብዙዎቹ ጃኬቶች ለሰፊ ደረትና ረጅም ጀርባ የተሠሩ ናቸው፤ የመሐሉ ብረት ቁመቱ የሚያጥርና የሚረዝም መሆኑን፣ የደረቱ ክፍል መነሳቱን ሱቁ ውስጥ ፈትሺ። ከፊት የሚጫነው እምቢ ካለሽ ክንዱ ከጀርባ የሚታሰርበት ዓይነት አለ፤ ለሴት ደረት ብዙ ጊዜ ይሻላል። ወገብሽ በሚያምሽ ቀን ‹‹ዛሬ ቀበቶው አይጠብቅልኝም፣ ረጅሙን ሾት ነገ እናድርገው›› ማለት መብትሽ ነው።

ቀጥ ብለሽ ቁሚ። ዕቃው ካንቺ ሲርቅ ጀርባሽ ይከፍላል፤ ስለዚህ ዘንጉ ወደ ሰውነትሽ የተጠጋ ይሁን። ክንዱ ብቻውን ወደ ፊት ወይም ወደ ጎን እየሸሸ የምትጎትቺው ከሆነ ጥፋቱ ከጉልበትሽ አይደለም። ክንዱ ከጃኬቱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ሁለት ማስተካከያ ብሎኖች አሉ፤ አንዱ የፊትና የኋላውን፣ ሌላው የግራና የቀኙን ዝንባሌ ያርማል። እጅሽን ብትለቂም ክንዱ ከፊትሽ ቆሞ እስኪጠብቅሽ ድረስ በትንሽ በትንሹ አዙሪያቸው። ይህን ሳያደርጉ ሙሉ ቀን ከክንዱ ጋር ሲታገሉ የሚውሉ አሉ፤ ማታ ወገባቸውን ይዘው ይሄዳሉ።

ከዚያ ሚዛኑ። ዘንጉን አግድም አስተኝተሽ ልቀቂው፤ ተነስቶ ቀጥ ያለ ቦታው እስኪደርስ ከ2 እስከ 3 ሰከንድ ይፍጅ። ፈጥኖ ከወረደ ከታች ከብዷል፤ በጀመርሽና በቆምሽ ቁጥር እንደ ደወል ምላስ ይወዛወዛል። በጣም ከዘገየ ደግሞ ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ነገር የለም፤ አድማሱን በጣትሽ ስትጠብቂ ትውያለሽ። ይህ ሲያልቅ ዘንጉን በቀስታ በራሱ ዙሪያ አሽከርክሪው። ቆሞ ሚዛኑን የጠበቀ ዕቃ ሲሽከረከር ከተንገዳገደ ባትሪውና ሞኒተሩ ከዘንጉ ያላቸው ርቀት አልተጣጣመም። ባትሪውን በጥቂት ሚሊ ሜትር አንቀሳቅሺ፣ ሚዛኑን መልሺ፣ ደግመሽ አሽከርክሪ። አሰልቺ ነው፤ ግን ፈጣን ዞር ማለት ያለበት ሾት ላይ አድማስሽ የሚተርፈው በዚህ ነው።

ርካሽ ቅጂ ስቴዲካም ሲያቀርቡልሽ አንድ ፈተና ስጪው። ከላይና ከታች ያለው ክብደት እኩል እስኪሆን ሚዛኑን አስይዘሽ ዘንጉን አግድም ያዢውና በራሱ ዙሪያ ሩብ በሩብ አዙሪው። አንዱ ጎን ላይ ቆሞ ሌላው ጎን ላይ ከወደቀ መሐሉ ያለው መያዣ ማዕከሉን አልያዘም። ክንዱም ሲወርድና ሲወጣ ከተንቋቋ ወይም መንገድ ላይ ከያዘ ተይው። ማዕከሉን የሳተ ስቴዲካም ለተማሪ እንኳ መጥፎ አስተማሪ ነው፤ ሁሌም ጥፋቱ ያንቺ ይመስልሻል።

አሁን ወደ ጊምባሉ እንመለስ፤ ብዙውን ቀን የምትይዢው እሱን ስለሆነ። የዛሬ ሞተሮች ጠንካራ ናቸው፤ ሚዛን ያልያዘውንም ካሜራ ቀጥ አድርገው ያቆሙታል። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ካበራሽው በኋላ ሁሉ ነገር ደህና ይመስላል፤ ሞተሩ ግን ያንቺን ስንፍና ተሸክሞ ይደክማል፣ ይሞቃል፣ ባትሪ ይጨርሳል፣ ጸሐይ ሲበረታ ወይም ንፋስ ሲመጣ ይከዳሻል። ስለዚህ ሚዛን የሚሠራው ጊምባሉ ጠፍቶ ነው። ሳታበሪው።

መጀመሪያ ካሜራውን ልክ እንደምትቀርጪበት አድርጊው። የሌንሱ ክዳን ይውለቅ፣ ካርድና ባትሪ ይግባ፣ ስክሪኑ ተከፍቶ ከሆነ የምትሠሪው ተከፍቶ ይቆይ፣ ዙሙ የምትቀርጪበት ቦታ ላይ ይሁን። ዙም ሲደረግ ፊቱ የሚረዝም ሌንስ ሚዛኑን ይዞ ይሄዳል። ከዚያ ሌንሱን ወደ ሰማይ አዙረሽ ልቀቂ፤ ከወደቀ ከፍታውን አስተካክዪ። አግድም አድርገሽ ልቀቂ፤ ካዘነበለ ፊትና ኋላውን። ሁለቱ ከተስተካከሉ በ45 ዲግሪ ስትለቂውም እዚያው ይቆማል፤ ካልቆመ ወደ መጀመሪያው ተመለሺ። ቀጥሎ የጎኑን ዘንግ። የመጨረሻው የዞር ዘንግ ነው፤ ብዙዎች የሚዘሉት እሱን ነው። እጀታውን አጋድመሽ ያዢና ክንዱ በራሱ የሚወዛወዝ መሆኑን እዪ። እሱ ካልተስተካከለ ደረጃ ስትወርጂ ወይም እጀታውን ስታዘነብዪ ካሜራው ወደ ጎን ይሸሻል፤ አንቺም ጆይስቲኩ ተበላሸ ብለሽ ስትፈልጊ ትውያለሽ።

ኬብሉን ለብቻው ልንገርሽ፤ ብዙ ችግር የሚመጣው ከእሱ ነው። ወፍራምና ደረቅ ኤችዲኤምአይ ኬብል ከካሜራው ወደ እጀታው ተዘርግቶ ከሆነ እንደ ሁለተኛ ሞተር ይጎትታል፤ የሚጎትተው ግን በተሳሳተ አቅጣጫ ነው። ቀጭንና ለስላሳ ኬብል ግዢ፤ ከሞተሩ መሐል አጠገብ አሳልፊውና ሰፊ ቀለበት ተዪለት። ከዚያ ጊምባሉ እንደጠፋ ሦስቱንም ዘንጎች ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጅሽ አንቀሳቅሺ። አንዱ ቦታ ላይ ከከበደሽ ሞተሩንም እዚያው ይከብደዋል።

አሁን ደግሞ ቀረጻ ላይ ሆነሽ ችግር ሲመጣ። ዳይሬክተሩ ቆሟል፣ ተዋናዮቹ ይጠብቃሉ፣ አንዱ ‹‹ሶፍትዌሩን አድሺው›› ይልሻል። እንዳትነኪው። በቀረጻ ቀን ጠዋት ሶፍትዌር አይታደስም፤ ያ የቤት ሥራ ነው፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ሲቀርሽ። ሜኑውንም ገና አትክፈቺ። እጅሽ ይቅደም።

ካሜራው በቀጭኑ ከተንቀጠቀጠ፣ ወይም ሞተሩ ድምፅ ካወጣ፣ ጣትሽን ሌንሱ ጫፍ ላይ በቀስታ አሳርፊ። ጸጥ ካለ የላላ ነገር አለ። ፕሌቱን አጥብቂ፣ ሌንሱን ከሥር የሚደግፈውን ግጠሚ፣ የሞኒተሩን ክንድ ፈትሺ፤ ረጅም ክንድ ላይ የተሰቀለ ሞኒተር ብቻውን መላውን ዕቃ ሊያንቀጠቅጥ ይችላል። ሁሉ ጠብቆም መንቀጥቀጡ ካልቀረ ያኔ ሜኑውን ክፈቺና የሞተሩን ኃይል ቀንሺ፤ አንድ ዘንግ ብቻ፣ በትንሽ በትንሹ፣ እስኪተው። ሦስቱን በአንድ ላይ ከቀነስሽ የትኛው እንደነበረ አታውቂውም። በጣም ከቀነስሽ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል፤ ካሜራው ስትዞሪ ዘግይቶ ይከተልሻል፣ ስትቆሚም አልፎ ሄዶ ይመለሳል።

ለ10 ደቂቃ ከሠራሽ በኋላ ሦስቱን ሞተሮች በየተራ ንኪ። አንዱ ከሌሎቹ በላይ ከሞቀ የዚያ ዘንግ ሚዛን ተዛብቷል። ይህን ልማድ አድርጊው። ስክሪኑ ማስጠንቀቂያ ከማሳየቱ በፊት መዳፍሽ ይነግርሻል።

አድማሱ በቀስታ ከተጋደለ ነገሩ ሌላ ነው። ጊምባሉ ውስጥ ያለው ጋይሮ በተበራበት ቅጽበት እንዳይነቃነቅ ይፈልጋል። እየተራመድሽ ወይም መኪና ውስጥ ካበራሽው የተሳሳተ መነሻ ይይዛል፤ አጥፊው፣ ጠንካራ ነገር ላይ አስቀምጪው፣ እጅሽን አንሺና አብሪው። የሙቀት ለውጥም ያሳስተዋል፤ ኤርኮንዲሽን ካለው መኪና አውጥተሽ ሐሩር ላይ ወዲያው አትጀምሪ፣ አየሩን እስኪለምድ ጠብቂ፣ ከዚያ ካሊብሬት አድርጊ። መኪና ላይ ሆነሽ ረጅም ኩርባ ስትዞሪ ቢጋደል ግን ዕቃው አልተበላሸም። ረጅም የጎን ግፊት ጊምባሉን ‹ታች› የቱ እንደሆነ ያሳስተዋል፤ መንገዱ ቀጥ ሲል ይመለሳል። ያን ሾት አጭር አድርጊው፣ ወይም ኩርባው ላይ ሾፌሩ ፍጥነት እንዲቀንስ ንገሪው።

ምስሉ ዳር ዳሩ ላይ የሚንቦጫረቅ ከሆነ፣ በተለይ በሰፊ ሌንስ፣ የካሜራውን የውስጥ ማረጋጊያ አጥፊ። ጊምባሉ አንድ ነገር ሲያርም ካሜራውም የራሱን ሊያርም ይሞክራል፤ ሁለቱ አይግባቡም። ሌንሱ የራሱ ማረጋጊያ ካለውም እንዲሁ። ንፋስ ሲበረታ ማት ቦክሱን አውልቂው፤ እንደ ሸራ ይይዘዋል። አንድ ረዳት ካርቶን ወይም ሰሌዳ ይዞ በንፋሱ በኩል አብሮሽ ይሂድ።

ቦታውንም አስቢው። ኮብልስቶን ላይ የጊምባል ርምጃ ከአስፋልት ይለያል፤ መንገዱን አስቀድመሽ ያለ ካሜራ ሂጂበት፣ የተነቀለውን ድንጋይ በእግርሽ እወቂው። ጥምቀት ላይ፣ ጎንደርም ጃንሜዳም፣ ካህናቱ ወደ አንቺ ሲመጡ ወደ ኋላ የምትሄጂ አንቺ ነሽ፤ ሕዝቡ ግን አያይሽም። ከጀርባሽ እጁን ጀርባሽ ላይ አድርጎ የሚመራሽ ሰው ከሌለ ወደ ኋላ አትራመጂ። ይህን የምልሽ እንደ እህት ነው፤ ያ ሰው የክፍያው ዝርዝር ውስጥ ስሙ ይግባ፣ ‹‹አንዱ ይያዝሽ›› አይበሉሽ።

አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እንጦጦ ከ3,000 በላይ። ስቴዲካም ታጥቀሽ እዚያ ላይ የምትሮጪው ርቀት ቢሾፍቱ ላይ ከምትሮጪው ያነሰ መሆን አለበት። ታጥቆ ረጅም መሥራት አይቻልም ማለቴ አይደለም፤ የአሌክሳንደር ሶኩሮቭ ፊልም ‹ራሺያን አርክ› በ2001 እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ በኤርሚታዥ ቤተ መንግሥት ሲቀረጽ ቲልማን ቡትነር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ስቴዲካም ሳያወርድ ሠርቷል። ያ የሚደነቅ ነው፤ ግን ለዚያ ቀን ብዙ ልምምድ ተደርጓል፣ መላው ፕሮዳክሽንም በሱ ዙሪያ ተሰናድቷል። ያለ ልምምድ ‹‹አንድ ረጅም ሾት እናድርግ›› ለሚልሽ ዳይሬክተር መጀመሪያ ባዶ እጅ የእግር ልምምድ፣ ከዚያ ግማሹን ብቻ፣ ከዚያ ሙሉውን በይው። በየመሐሉ ዕቃው ማቆሚያው ላይ ይውጣ እንጂ አንቺ ታጥቀሽ ቆመሽ አትጠብቂ።

ዳሎል ከሄድሽ ብዙዎቹ ጊምባሎች እስከ 45 ዲግሪ ሙቀት ብቻ እንደተፈቀዱ አስቢ፤ ቀትር ላይ ያንን ልታልፊ ትችያለሽ። ጠዋትና ማታ ቅረጪ፤ በመሐሉ ነጭ ጨርቅ አልብሰሽ ጥላ ውስጥ አቆዪው። ክረምት ደግሞ እነዚህ ዕቃዎች ውሃ አይችሉም፤ ፕላስቲክ ስታለብሺው ሞተሩ ውስጥ እንዳይጠመጠም በላላ አልብሺው። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ጥረጊ፤ በኃይለኛ አየር ከነፋሽው አቧራው ወደ ውስጥ ይገባል።

ያገለገለ ዕቃ ስትገዢ ጠፍቶ እያለ እያንዳንዱን ዘንግ ይዘሽ ነቅንቂው፤ ክፍተት ካለው ወድቆ ሊሆን ይችላል። መቀርቀሪያዎቹ ይያዙ፣ ሞተሩ በእጅ ሲዞር አይንቋቋ፤ ከዚያ በራስሽ ካሜራ ቢያንስ 20 ደቂቃ ሳታጠፊ ሥሪበት። ሻጩ ‹‹ጊዜ የለኝም›› ካለሽ ተመስገን ብለሽ ውጪ።

ባትሪ በዘመድ ስታስመጪም ይህን ንገሪያቸው፤ ትርፍ ሊቲየም ባትሪ ወደ ጭነት ሻንጣ አይገባም፣ በእጅ ሻንጣ ነው። እስከ 100 ዋት-ሰዓት ያለ ፈቃድ፣ ከ100 እስከ 160 በአየር መንገዱ ፈቃድ ሁለት ብቻ። ዋት-ሰዓቱ ካልተጻፈበት ቮልቱን በአምፐር-ሰዓቱ አባዢ፤ 14.4 ቮልት በ6.8 ሲባዛ 98 ገደማ ይሆናል፣ ያልፋል። የባትሪው መገናኛ ብረት በፕላስተር ይሸፈን።

ስትዋዋዪ ደግሞ የዕቃውንና ያንቺን ክፍያ ለየብቻ አስጽፊ። በአንድ ቁጥር ከተስማማሽ ዋጋ ሲቀንሱ የሚቀንሱት ካንቺ እጅ ነው። ሚዛን ማስያዣ ግማሽ ሰዓት በቀረጻው መርሐ ግብር ላይ ይግባ፤ ሌንስ በተቀየረ ቁጥር ሌላ 10 ደቂቃ። ዕቃው በሌላ ሰው እጅ ወድቆ ቢሰበር ማን እንደሚከፍል ይጻፍ፤ ስቴዲካም ታጥቀሽ ያለ ዕረፍት የምትሠሪበት ሰዓትም ጣሪያ ይኑረው። ፊርማው ከመጀመሪያው የቀረጻ ቀን በፊት ይሁን፤ የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ላይ ማንም ወረቀት አያነብም።